ማሸነፍ ሁሉ መማር አይደለም

ካርታ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ሥራ የፈቱ ሰዎች ጊዜ የሚገድሉበትን ወይም ቁማርተኞች ገንዘብ የሚበላሉበትን ጨዋታ ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም፤ በካርታ ሰበብ ኪሱ የተራቆተና ትዳሩ የፈረሰ ሰው በየአገሩ አለ። ይሁን እንጂ በዚያው በ52 ካርታ የሚካሄድ፣ ሰዎች እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ለዓመታት የሚያጠኑት፣ የዓለም ሻምፒዮናም ያለው ውድድር አለ፤ ስሙም ብሪጅ ይባላል። እዚህ ላይ ስለ ብሪጅ የማነሣው ካርታ እንድትጫወቱ ለመገፋፋት አይደለም። በዚህ ውድድር ከፍ ወዳለ ደረጃ የደረሱ ሰዎች የተጓዙበት መንገድ፣ ስለ መማር ያለንን አንድ የተሳሳተ እምነት ስለሚያርም ነው። እምነቱም «ያሸነፈ ሁሉ ዐውቋል፤ የተሸነፈ ሁሉ አላወቀም» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ግን በዕውቀት የሚያድገው ከውጤቱ ይልቅ ውሳኔውን የሚመረምር ሰው ነው።

በቅድሚያ የጨዋታውን ጠባይ ባጭሩ እንመልከት። ብሪጅ የሚጫወቱት አራት ሰዎች ናቸው። ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች አጋሮች ሲሆኑ ከሌሎቹ ሁለት አጋሮች ጋር ይወዳደራሉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 13 ካርታ ይታደላል። ጨዋታው በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል እንደ ጨረታ ያለ ነው፤ ተጫዋቾቹ በየተራ «ከ13ቱ ዙር ይህን ያህሉን እናሸንፋለን» እያሉ ይጫረታሉ፤ ከፍ ያለውን የጠራው ወገንም ውል እንደገባ ይቆጠራል። በሁለተኛው ክፍል ካርታው በየዙሩ እየተጣለ ውሉ መፈጸሙ ወይም መፍረሱ ይታያል። ለዛሬው የነጥብ አያያዝ መሠረት የሆነውን ደንብ ያዘጋጀው ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ያዘጋጀውም እ.ኤ.አ. በ1925 በመርከብ ሲጓዝ ነበር። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1958 ተመሠረተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀማሪ በመጀመሪያ የሚማረው የካርታዎችን ዋጋ ነው። ኤስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ በ52ቱ ካርታ ውስጥ ያለው ነጥብ በጠቅላላው 40 ይሆናል። ይህን ያህሉን ማንም ሰው በጥቂት ቀን ሊይዘው ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ግን በቃል ሊያዝ የሚችል አይደለም። አንድ ሰው ሊደርሱት የሚችሉት የ13 ካርታ ስብስቦች ብዛት 635,013,559,600 ነው። አንድ ተጫዋች ዕድሜውን ሁሉ ቢጫወት የሚያየው ከዚህ ውስጥ ኢምንቱን ነው። ስለዚህ «ይህን ሲያጋጥመኝ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ መልሱን ሁሉ አስቀድሞ መሸምደድ አይችልም። ያለው አማራጭ የማሰቢያውን መንገድ መማር ነው። የተጣለውን ካርታ ይቆጥራል፤ ያልተጣለው በማን እጅ እንዳለ ይገምታል፤ ከግምቱም ተነሥቶ ይወስናል።

ሁለተኛው ችግር ከቋንቋ ትምህርት ጋር በጣም ይቀራረባል። በጨረታው ጊዜ አጋሮች በፈለጉት ቃል መነጋገር አይፈቀድላቸውም። ደንቡ የሚፈቅድላቸው ጥሪ 38 ብቻ ነው። ከእነዚህም 35ቱ የዙርን ብዛትና የካርታን ዓይነት የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ የቀሩት ሦስቱ ማለፍ፣ ማጠፍና መልሶ ማጠፍ ናቸው። በእነዚህ ጥቂት ጥሪዎች 13 ካርታን ለአጋር ማስረዳት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ይደናቀፋሉ፤ ውሉ ሲፈርስባቸውም «እኔ እኮ ይህን ማለቴ ነበር» ይላሉ። ነገር ግን በብሪጅም ሆነ በድርሰት የሚቆጠረው ተናጋሪው ያሰበው ብቻ አይደለም፤ ሰሚው ሊረዳው የቻለው ጭምር ነው። ጎበዝ አጋር ከመጥራቱ በፊት «ይህን ብል ጓደኛዬ ምን ብሎ ይተረጉመዋል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ጎበዝ ጸሐፊም እንዲሁ ያደርጋል።

ታዲያ ከጀማሪነት ወደ ብቃት የሚያሻግረው ምንድን ነው? «ብዙ መጫወት ነው» የሚሉ አሉ። ልምድ የማይናቅ ነገር ቢሆንም ብቻውን ግን አይበቃም። ለዚህ የሚጠቅም ማስረጃ ከራሱ ከብሪጅ ዓለም እናገኛለን። በ1937 የተመሠረተው የአሜሪካ የብሪጅ ማኅበር በውድድር ጥሩ ውጤት ላገኙ አባላቱ «ማስተር ፖይንት» የሚባል ነጥብ ይሰጣል። የተጫዋቹ ማዕርግ የሚወሰነው ከዓመት ዓመት በሚያጠራቅመው ነጥብ ነው። ነጥቡ አንድ ጊዜ ከተገኘ በኋላ ተጫዋቹ ቢሸነፍም አይቀነስበትም። በመሆኑም አንድ ሰው ችሎታው ባለበት ቆሞ ሳለ በመመላለስ ብዛት ብቻ ከማዕርግ ወደ ማዕርግ ሊሸጋገር ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን፤ እውነት ነው። ዳሩ ግን እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ቀን ስለተቆጠረለት ብቻ አይደለም፤ ውስጡ እየተለወጠ ስለመጣ ነው። ተማሪም ቢሆን ከክፍል ወደ ክፍል ማለፉን ሲቆጥር ውስጡ መለወጡንም መጠየቅ ይኖርበታል።

ውስጥን የሚለውጠው ምርመራ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እንየው። እናንተና አጋራችሁ ከአንድ ዓይነት ካርታ 8 ይዛችኋል እንበል። ከ13ቱ የቀሩት 5 በተቃራኒዎቻችሁ እጅ ናቸው። እነዚህ 5 ካርታዎች በሁለቱ ተቃራኒዎች መካከል ሦስትና ሁለት ሆነው የሚከፈሉበት ዕድል ከመቶ 68 ያህል ነው፤ አራትና አንድ የሚሆኑበት 28፣ አምስቱም በአንድ ሰው እጅ የሚገኙበት 4 ያህል ነው። አሁን ሌላ ምልክት ሳይኖራችሁ በ68ቱ ተማምናችሁ ተጫወታችሁ፤ ካርታው ግን አራትና አንድ ሆኖ ተገኘና ውላችሁ ፈረሰ። ተሳስታችኋልን? አልተሳሳታችሁም። በዚያን ጊዜ ልታውቁት በምትችሉት ሁሉ መዝናችሁ የሚሻለውን መርጣችኋል። በሌላ ጠረጴዛ ያለ ተጫዋች ደግሞ ሳይቆጥር፣ ሳያስብ፣ በ28ቱ መንገድ ሄዶ አሸነፈ እንበል። የዚህ ሰው አደጋ ከእናንተ ይበልጣል። እናንተ አንድ ውል ብቻ አጥታችኋል፤ እርሱ ግን መጥፎ ልማድን እንደ ጥሩ ዕውቀት ይዞ ይነሣል፤ ነገም ይደግመዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «እንዲህ ከሆነ ሰነፍ ሁሉ በተሸነፈ ቁጥር ዕድልን እየከሰሰ ራሱን ነጻ ያወጣል» የሚል ነው። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ብሪጅ ግን ለዚህ መፍትሔ አለው። በቡድን ውድድር ጊዜ በአንዱ ጠረጴዛ የታደለው ካርታ ሳይደባለቅ በሌላ ጠረጴዛ ለተቀመጡ ተጫዋቾችም ይሰጣል። እናንተ በአንዱ ጠረጴዛ በአንድ ወገን የያዛችሁትን ካርታ፣ በሌላው ጠረጴዛ ተወዳዳሪዎቻችሁ ይይዙታል። ስለዚህ «ካርታው ከፍቶብኝ ነው» ማለት ዋጋ የለውም፤ ያው የከፋ ካርታ ለሌላውም ደርሶታል። የሚነጻጸረው አንዱ በያዘው ካርታ የሠራው ሥራ፣ ሌላው በዚያው ካርታ ከሠራው ጋር ነው። ከዚህም በላይ ከመቶ 68 የሚያዋጣውን መንገድ ዘወትር የሚመርጥ ሰው ዛሬ ቢሸነፍም በብዙ ጨዋታ ውስጥ ከሌላው መብለጡ አይቀርም። ውጤት ዋጋ አለው፤ የሚመሰክረው ግን በብዛት ሲታይ እንጂ አንድ ጊዜ ብቻ ሲታይ አይደለም።

በዚህ ጎዳና ተጉዘው የደረሱ ሰዎችን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በ1910 የተወለደችው ሪክሲ ማርከስ በቪየና ትኖር በነበረበት ጊዜ በ1937 ለኦስትሪያ ተሰልፋ በሴቶች የዓለም ሻምፒዮና አሸናፊ ሆናለች። በ1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስትይዝ አይሁዳዊቷ ማርከስ አገሯን ትታ ወደ ለንደን ተሰደደች። አገር፣ ቤትና የቀድሞ አጋሮች ቀሩ፤ በእጇ የቀረው በአእምሮዋ የያዘችው ነበር። በብሪታንያ እንደገና ጀምራ ለአዲሲቱ አገሯ በዓለም ውድድር ድል አስገኘች፤ በ1974ም የዓለም ታላቅ ማስተር የሚለውን ማዕርግ ከሴቶች ሁሉ ቀድማ አገኘች። ዋንጫ ከቤት ጋር ሊቀር ይችላል፤ በሚገባ የተማሩት ነገር ግን ከባለቤቱ ጋር ይሰደዳል።

ከካራቺ የተነሣው ዚያ ማህሙድ ደግሞ በ1981 ከፓኪስታን ቡድን ጋር በዓለም ሻምፒዮና ተሰለፈ። በዚያን ጊዜ ፓኪስታን በብሪጅ ስም ያላት አገር አልነበረችም። ቡድኑ ግን እስከ ፍጻሜው ውድድር ደርሶ በአሜሪካ ቡድን ተሸነፈ። «ያሸነፈ ሁሉ ዐውቋል፤ የተሸነፈ ሁሉ አላወቀም» በሚለው ሚዛን ብንመዝን ይህ ቡድን ዐላዋቂ ሊባል ነው። እንዲህ የሚል ፈራጅ ግን የራሱን ሚዛን ይመርምር።

ውጤትን ብቻ ማምለክ ወዴት እንደሚያደርስ የሚያሳይ ሌላ ታሪክም አለ። አጋሮች ከተፈቀደላቸው ጥሪ ውጭ በምልክት ቢነጋገሩ ጨዋታው ይበላሻል። በ2015 ቦይ ብሮጌላንድ የተባለ የኖርዌይ ተጫዋች፣ ታዋቂ የሆኑ ሁለት አጋሮች በስውር ምልክት ይነጋገራሉ ብሎ በይፋ ከሰሰ። የክሱ ክብደት ከሳሹ ራሱ ከእነዚሁ ሰዎች ጋር በአንድ ቡድን ተሰልፎ ያሸነፈ ሰው መሆኑ ነው። ነገሩን ከመደበቅ ይልቅ በዚያ ቡድን የተገኙትን ድሎች እንደሚተው አስታወቀ። ከዚያ በኋላ የጨዋታ ፊልሞች እየታዩ ምርመራ ተካሄደ፤ ከውድድር የታገዱም ነበሩ። እኔ ይህን ሰው የማደንቀው ካገኘው ዋንጫ ይልቅ በተወው ዋንጫ ነው። ባልተገባ መንገድ የተገኘ ድል ለባለቤቱ አንዳችም ነገር እንደማያስተምር ተረድቷልና። ከጓደኛው ወረቀት የገለበጠ ተማሪም የሚያገኘው ቁጥር ነው፤ ዕውቀቱ ያለው በጓደኛው ዘንድ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ከዚህ ሁሉ የምትወስዱት ምንድን ነው? የትምህርት ቤት ፈተናም ልክ እንደ ብሪጅ ውሳኔና ዕድል የተቀላቀሉበት ነው። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ በግምት ከአራቱ አንዱን ጊዜ ያገኛል። የተመለሰውን ወረቀት ተቀብሎ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚያጥፈው ተማሪ፣ የፈረሰውን ወይም የተፈጸመውን ውል ሳይመረምር ካርታውን እንደሚደባልቅ ተጫዋች ነው። ዘጠና ያገኘ ሊደሰት፣ አርባ ያገኘም ሊያዝን ይችላል፤ ሁለቱም ግን ወረቀቱን አጥፈው ካስቀመጡ ከዚያ ፈተና የቀራቸው ትምህርት አንድ ነው፤ እርሱም ባዶ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ልማድ እንድትይዙ እመክራችኋለሁ። የፈተና ወረቀት ስትሠሩ እርግጠኛ ባልሆናችሁበት ጥያቄ ዳር ትንሽ ነጥብ አድርጉ። ወረቀቱ ሲመለስላችሁ በቅድሚያ የምትመለከቱት ያቺን ነጥብ ያደረጋችሁባቸውን ጥያቄዎች ይሁን። ገምታችሁ ያገኛችሁትን እንዳላገኛችሁት ቁጠሩት፤ ተመልሳችሁም አጥኑት። እርግጠኛ ሆናችሁ ሳለ የሳታችሁትን ደግሞ ከሁሉ አብልጣችሁ ፈልጉት፤ ያወቃችሁ መስሏችሁ ያላወቃችሁት ነገር የተደበቀው እዚያ ነውና። ከዚያም ከአንድ ጓደኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ «ይህን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንተስ? አንቺስ?» ተባባሉ። መወቃቀስ አያስፈልግም፤ ምክንያትን ከምክንያት ማነጻጸር ይበቃል። በመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው ቁጥር የትናንቱን ይነግራችኋል፤ የነገውን የሚወስነው ግን ራሳችሁ በወረቀታችሁ ላይ የምታካሂዱት ምርመራ ነው።