የተሰበረ ቡሎን ከሞተር ስለ ማውጣት

ባለ መኪናን ከሚያስደነግጡት ነገሮች አንዱ፥ የሞተር ቡሎን ሲፈታ ቀጭ ብሎ መሰበሩ ነው። ቡሎኑስ በጥቂት ገንዘብ ይተካል፤ ችኩል እጅ ግን ቴስታታውን አበላሽቶ የቤተ ሰብን የወራት ቀለብ ያስከፍላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥቶ ማሳደር መልካም ነው። ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ እንደ ሆነ ሙቀትም ይረዳል፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይሰፋልና ቀዳዳው ጉማጁን ይለቅለታል። (ቤንዚን ባለበት እሳት ማቅረብ ግን እብደት ነው።) ጉማጁ ብቅ ያለ ከሆነ ብልህ በያጅ ዳዶ ይበይድበትና፥ ጥቂት አቀዝቅዞ፥ በመፍቻ ወዲያና ወዲህ እያለማመደ ያወጣዋል። እኛ ከሁሉ የምንመርጠው ይህን ነው። ከብየዳው በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ።

ጉማጁ የጠለቀ እንደ ሆነ ግን ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ልክ መካከሉን በሹል ብረት መትቶ ምልክት ማድረግ፥ ለ8 ሚሊሜትር ቡሎን አስቀድሞ በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ቀጥ አድርጎ መብሳት ይገባል። መሰርሰሪያው ወደ ጎን ካዘነበለ የቴስታታውን ጥርስ ይበላዋል። ቀዳዳውን አስፍቶ፥ ጥርሱ ወደ ግራ የዞረውን የቡሎን ማውጫ አስገብቶ በቀስታ ማዞር ነው። እንቢ ካለ በጉልበት መታገል አይገባም፤ ማውጫው እጅግ ጠንካራ ብረት ነውና ውስጥ ከተሰበረ ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም።

ጉማጁ ከወጣ በኋላ ጥርሱ ይጠረግ፤ አዲሱም ቡሎን መጀመሪያ በጣት ብቻ ይግባ።