አራት ጥቅል፣ መቶ ሺህ ሄክታር

ኢታንግ ላይ፣ ከባሮ ወንዝ ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ አምደኛና የቆየ ወዳጁ ቡና እየጠጡ ስለ ኒውክሌር ነዳጅ ይከራከራሉ። ነገሩን ያነሳው ወዳጁ ነው። የፊዚክስ መምህር ነው፤ መስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ኢትዮጵያና ሮሳቶም የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረሙ ወዲህ ተማሪዎቹ ፋታ ነስተውታል።

“ቦምብ ነው መብራት? ይሉኛል። መብራት ነው ስላቸው ደግሞ፣ ‘ታዲያ እኛ ጋ መቼ ይገባል?’ ይመጣል። ይህንን እንኳ የኒውክሌር ፊዚክስም አይመልሰውም።”

አምደኛው ሰሞኑን ሲያገላብጥ የከረመውን ዘረገፈለት። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ፣ ሳቫና ወንዝ ዳር ቮግል የሚባል የኒውክሌር ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍራማቶም የተባለ ኩባንያ የሠራው አዲስ ዓይነት ነዳጅ በጣቢያው ሁለተኛ ሪአክተር ውስጥ ለሙከራ ገባ። ሪአክተሩ 193 የነዳጅ ጥቅሎችን ይይዛል። ለሙከራ የገቡት አራት ናቸው።

“አራት?” አለ ወዳጁ። “ይህ ሁሉ ወሬ ለአራት?”

ለአራት። እያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ 264 ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ቁመታቸው አራት ሜትር ገደማ፣ ውፍረታቸው ግን አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። የዩራኒየሙ እንክብሎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው በቱቦው ውስጥ ይቀመጣሉ። እንክብሉንና ውኃውን የሚለየው የቱቦው ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱም ከአንድ ሚሊ ሜትር ይቀጥናል። የሚሠራው ዚርኮኒየም ከተባለ ብረት ነው። ዚርኮኒየም በደህናው ቀን ጨዋ ነው፤ ሙቀቱ ወደ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ግን ከእንፋሎት ጋር ይያያዝና ሃይድሮጅን ያመነጫል። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጃፓንን የመታው ሱናሚ የፉኩሺማን የኒውክሌር ጣቢያ ማቀዝቀዣ ካጠፋ በኋላ የሪአክተሮቹን ሕንፃዎች ጣሪያ ያፈነዳው ይኸው ሃይድሮጅን ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ኩባንያዎች አደጋን የሚቋቋም ነዳጅ ፍለጋ የገቡት። ቮግል የገባው ቱቦ በስስ ክሮሚየም ተለብጧል፤ እንክብሉም ክሮሚየም ተቀይጦበታል።

መምህሩ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። “ቆዳውን ቀየሩለት በለኛ። ግን ይሄ የመሐንዲስ ሥራ ነው። የአካባቢ ጥበቃን ምን ጥልቅ አደረገው?”

ጥያቄው ተገቢ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት አንድን ነገር ከመፍቀዱ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያስከትለውን እንዲመዝን ያስገድዳል። የኒውክሌር ተቆጣጣሪው ኮሚሽንም ጣቢያዎች ደንቡ የማያውቀውን ቁስ እንሞክር ብለው ሲመጡ ጥያቄ ይደረድራል። ወደ ወንዙ የሚለቀቀው ውኃ ይለወጣል ወይ? በጭስ ማውጫው የሚወጣውስ ጋዝ? ሠራተኛው የሚያገኘው ጨረር ይጨምራል? ያገለገለው ነዳጅ የት ይቀመጣል፣ በምን ይጓጓዛል? መልሶቹ የሚሰፍሩባቸው ሰነዶች ደረቅ ናቸው፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው ይታዘዛሉ። መደምደሚያቸውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ጉልህ ተጽዕኖ የለውም።

ወዳጁ ሳቀ። “መልሱ ሁሌም ‘የለውም’ ከሆነማ ምርመራ ሳይሆን ማኅተም መምቻ ነው!”

አምደኛው ግማሹን ተቀበለው። እውነትም ሰነዶቹ ተራ በተራ ሲነበቡ አንድ ጸሐፊ የጻፋቸው ይመስላሉ። እሱን የገረመው ግን ቅደም ተከተላቸው ነው። መጀመሪያ ጥያቄው፣ ቀጥሎ ፈቃዱ፣ ከዚያ አራት ጥቅል። እነዚያ አራቱ እያንዳንዳቸው 18 ወር የሚፈጁ ሦስት የሥራ ዙሮችን፣ ማለትም አራት ዓመት ተኩል፣ ሪአክተሩ ውስጥ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2023 ወጡ። በዚያው ዓመት ጣቢያው ከተለመደው የ5 ከመቶ ጣሪያ ያለፈ፣ እስከ 6 ከመቶ የበለጸገ ዩራኒየም ያለበት የዌስቲንግሃውስ ነዳጅ ለመሞከር ፈቃድ አገኘ። ስንት ጥቅል?

“አራት እንዳትለኝ።”

አራት።

ወዳጁ ሲኒውን አስቀመጠና ወሬውን ወደ ደጁ አመጣው። “እዚህ ግን በመቶ ሺህ ነው የጀመርነው።”

ያነሳው የካሩቱሪን ነገር ነው። ጥቅምት 2003 ዓ.ም. ግብርና ሚኒስቴር ከህንዱ ኩባንያ ጋር በተፈራረመው ውል ኢታንግና ጂካዎ ውስጥ 100,000 ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት ሰጠ፤ ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር። ውሉ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን አልረሳም፤ ኩባንያው ከፊርማው በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ሪፖርቱን ያቀርባል ይላል። ከፊርማው በኋላ! አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ከመስጠቱ አስቀድሞ ግምገማው መጽደቁን ያረጋግጥ ይላል። በዚያ ላይ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የግምገማ ሥልጣኑን ለየሚኒስቴሩ በውክልና አስተላልፎ ስለነበር፣ መሬት የሚሰጠውም ሪፖርት የሚመረምረውም ያው ግብርና ሚኒስቴር ሆነ። አምደኛው እንደሚያምነው የነገሩ ሁሉ ብልሽት እዚህ ላይ ነው፤ ሕግ አልጠፋም፣ ጥያቄው ዘግይቶ መጣ እንጂ።

ቀሪውን ባሮ ጨረሰው። እ.ኤ.አ. በ2011፣ ፉኩሺማ በተናወጠበት በዚያው ዓመት፣ ወንዙ ሞልቶ የኩባንያውን በቆሎ አጥለቀለቀው። “የአኙዋ ገበሬ እኮ ውኃው እስኪሸሽ ጠብቆ ነው ወንዝ ዳር የሚዘራው” አለ ወዳጁ፣ እጁን ወደ ባሮ እየዘረጋ። “እርጥቡን ደለል በእንጨት ወጋ፣ ፍሬ ጣል፣ በእግር መለስ። ውኃው የት ድረስ እንደሚመጣ አባቱ ነግሮታል። አንተ እንዳልከው ሦስት ዙር መጠበቅ እንኳ ባያስፈልግ፣ ሦስት ክረምት ቢያዩት፣ ያም ቢቀር ሦስት ሽማግሌ ቢጠይቁ ምን ነበረበት?”

መንግሥት ውሉን በ2008 ዓ.ም. ሲያቋርጥ የለማው 1,200 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው አለ። ኩባንያው ውሳኔውን አልተቀበለም።

“የኒውክሌሩስ?” ሲል መምህሩ ወደ ተማሪዎቹ ጥያቄ ተመለሰ። አምደኛው ለእሱም ሕግ እንዳለ ነገረው፤ የጨረርና ኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009። በአካባቢ በኩል ደግሞ ያው 299 አለ፤ አንቀጽ 15 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ይሰጥበት ይላል፤ በተለይ ፕሮጀክቱ የሚነካቸው ሰዎች አስተያየት እንዲካተት።

“በምን ቋንቋ ታትሟል?”

በአማርኛና በእንግሊዝኛ፤ ነጋሪት ጋዜጣ እንደዚያ ነው።

“እንግዲያው ገጹን ላክልኝ። ከተማሪዎቼ መካከል አኙዋኛም ኑዌርኛም አሳምረው የሚጽፉ አሉ፤ በሁለቱም እናዞረዋለን።” አምደኛው ስልኩን አውጥቶ አንቀጽ 15ን በቴሌግራም ላከለት። ወዳጁ ከፍቶ አነበበና ሌላ ገጽ ጠየቀ፤ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት የሚያዘውን፣ አንቀጽ 3ን።