ኩላሊት ሳያም ጠባሳ ሲይዝ

እናቶች፣ ሽንኩርት ስትከትፉ ጣታችሁን ቢላ ቢያገኘው የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። ይኸኔ «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን። ቁጣው ግን ለክፉ አይደለም። የተጎዳው ሥጋ «ድረሱልኝ» ብሎ የሚልከው መልእክት ነው። ነጭ የደም ሴሎች ደርሰው ቆሻሻውን ይጠርጋሉ፤ ጠጋኝ ሴሎች ደግሞ ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ክር ሠርተው ቁስሉን ይደፍናሉ። ሥራው ሲያልቅ መልእክቱ ይቆማል፤ ትንሽ ጠባሳ ትቀራለች።

በኩላሊት ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መልእክቱ የማይቆም መሆኑ ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ዓመት ከዓመት ስለሚያቆስላቸው የኩላሊት ሴሎች ጥሪያቸውን አያቋርጡም። ከመልእክቶቹ ዋነኛው ሐኪሞች «ቲጂኤፍ-ቤታ» የሚሉት ሲሆን፣ ጠጋኞቹን ሴሎች ክር ጨምሩ እያለ የሚያዝዛቸው እርሱ ነው። አንድ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። በማጣሪያዎቹና በቀጫጭን ቱቦዎቻቸው መካከል ክሩ ሲከማች የደም ሥሮቹ ይታነቃሉ፣ ቱቦዎቹም ይኮማተራሉ። ጠባሳ ደም አያጣራም። ጠባሳውን ወደ ደህና ሥጋ የሚመልስ መድኃኒትም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ክፋቱ ይህ ሁሉ ሲሆን የማያም መሆኑ ነው። በእኛ ዘንድ ወገብ በቆረጠመ ቁጥር «ኩላሊቴን» ማለት ተለምዷል። የወገብ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከጡንቻና ከአጥንት ነው፤ ጠባሳ የሚይዘው ኩላሊት ግን ዝም ይላል። ክሬአቲኒን የተባለው የደም ምርመራ እንኳ ከኩላሊቱ ሥራ ግማሽ ያህሉ እስኪጠፋ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ቀድሞ የሚናገረው ሽንት ነው። አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ወደ ሽንት ካመለጠ ማጣሪያው መጎዳቱን ያመለክታል፤ ያመለጠውም ፕሮቲን በተራው ቱቦዎቹን ያስቆጣል። ስለዚህ ግፊት ወይም ስኳር ያለባት እናት ሁለቱም ምርመራዎች በየዓመቱ እንዲደረጉላት ትጠይቅ። በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊት ታይቶባት የነበረችም ጉዳዩን ለሐኪሟ ታስታውስ። መጠየቅ ነውር አይደለም። (ቢራ ኩላሊት ያጥባል ለሚሉ ባሎቻችሁም፣ ቢራ ሽንት ያበዛል እንጂ ጠባሳ አያጥብም በሏቸው።)

«ነገሩ መቆጣት ከሆነ ቁጣ የሚያበርድ ክኒን ልዋጥ» የምትል አንባቢ ትኖር ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያሻው። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሠራ እህት ለእግሯና ለራሷ ሕመም ከመድኃኒት ቤት የምትገዛቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጉልበትን ቁጣ ያበርዳሉ፤ ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ግን ይቀንሳሉ። አንድ ሁለት ቀን ለጤነኛ ሰው ብዙም አያሠጋም። ኩላሊቱ ለተነካ፣ ግፊትና ስኳር ላለበት ሰው ግን በየዕለቱ መዋጥ በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው።

የኩላሊቱን ቁጣ የሚያረግቡት ሌሎች ናቸው። የደም ሥርን የሚያጠብበው አንጂዮቴንሲን የተባለው ንጥረ ነገር ያንኑ የቲጂኤፍ-ቤታ መልእክት ያባብሳል፤ ሎሳርታን ይህን መንገድ ይዘጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ውጤቱ የወጣ፣ ኩላሊታቸው የተነካ 1,513 የስኳር ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ ሎሳርታን ኩላሊት ጨርሶ የመድከሙን አደጋ በ28 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በ2020 ደግሞ ዳፓግሊፍሎዚን የተባለው የስኳር መድኃኒት፣ ስኳር የሌለባቸውን የኩላሊት ሕሙማን ጭምር እንደሚረዳ ታወቀ። ሁለቱም የቀረውን ደህና ክፍል ያቆያሉ እንጂ የጠፋውን አይመልሱም፤ ቶሎ መጀመራቸው የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ሎሳርታን የምትወስድ እህት ለማርገዝ ስታስብ አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። መድኃኒቱ የፅንሱን ኩላሊት ስለሚጎዳ በሌላ ይለወጥላታል። ሳታስበው ካረገዘችም ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ትሂድ።