የቤቱ ኮምፒውተር የማን ነው?

በዚህች ጽሑፍ የምከራከረው ከሩቅ ጠላት ጋር አይደለም፤ በየቤታችን ተቀምጦ እንጀራችንን አብሮን ከሚቆርስ አንድ ልማድ ጋር ነው። ልማዱም ይህ ነው። አንድ ቤተ ሰብ እንደ ምንም ብሎ ገንዘብ አጠራቅሞ ኮምፒውተር የገዛ እንደ ሆነ፣ ሲገዛ «ለልጆቹ ትምህርት ነው» ይባላል፤ ሳምንት ሳይሞላው ግን ወደ ወንዱ ልጅ ክፍል ይገባና በሩ ይዘጋበታል። ሴቲቱ ልጅ ወደዚያ ክፍል የምትገባው ቡና ለማድረስ ወይም ወለሉን ለመጥረግ ነው። ይህን ማንም አላወጀውም፤ ሕግም አልተጻፈለትም፤ ነገር ግን ከተጻፈ ሕግ ይልቅ ጸንቶ ይኖራል። እኔ ይህ ልማድ አድልዎ ብቻ ሳይሆን ቤቱን ራሱን የሚያደኸይ ሞኝነት ነው እላለሁ፤ ምክንያቴንም በተራ አቀርባለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በመጀመሪያ ይህ መኪና ወደ ሰው ቤት እንዴት እንደ ገባ እንመልከት። ኮምፒውተር በተፈጠረበት ዘመን አዳራሽ የሚሞላ፣ መንግሥትና ትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ የሚገዙት ዕቃ ነበረ። በ1977 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ አፕል ቱ፣ ኮሞዶር ፔትና ቲ.አር.ኤስ. 80 የተባሉት ሦስቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ለገበያ ቀረቡ። በ1980 በእንግሊዝ አገር ክላይቭ ሲንክሌር ዋጋው ከ100 ፓውንድ በታች የሆነ ትንሽ ኮምፒውተር አወጣ። በ1982 ደግሞ ኮሞዶር 64 የተባለው በ595 ዶላር ተሸጠ፤ ስሙን ያገኘውም 64 ኪሎባይት ከሚይዘው የማስታወሻ ኃይሉ ነው። ዛሬ በኪስ የሚያዘው ስልክ ከዚህ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል።

እነዚያ መኪናዎች ብዙዎቹ ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር እየተያያዙ ይሠሩ ነበር፤ የተጻፈባቸውንም ነገር ዘፈን በምንሰማበት ዓይነት የቴፕ ካሴት ላይ ያስቀምጡ ነበር። መብራት ሲሰጣቸው ሥዕልም ጨዋታም አያሳዩም፤ ባዶ መስኮት ከፍተው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ትእዛዙም ቤዚክ በሚባል ቋንቋ ይጻፍላቸዋል። ስለዚህ ልጆች ከመጽሔት ላይ ረጃጅም ትእዛዞችን መስመር በመስመር እየገለበጡ ይጽፉ ነበር፤ አንዲት ነጥብ የተሳሳተች እንደ ሆነ መኪናው እንቢ ይላል፤ ልጁም ስሕተቱን ፈልጎ እስኪያገኝ ይደክማል፤ ባገኘው ጊዜም ይደሰታል። በዚህ ዓይነት ትዕግሥትንና ማገናዘብን ሳይታወቀው ይማራል። እንግዲህ ይህ መኪና ቁልፉን የነካው ጣት የወንድ ይሁን የሴት ጠይቆ አያውቅም። የጠየቀው ሰው ነው።

ሰው በመጠየቁ የደረሰውን ደግሞ በቁጥር እንየው። በአሜሪካ በኮምፒውተር ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚቀበሉት መካከል በ1984 ገደማ ከመቶ 37ቱ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት ከመቶ ወደ 18 ደረሰ። በሕግና በሕክምና ትምህርት የሴቶች ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ በዚህ ትምህርት ብቻ መውረዱ ምን ይባላል? ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አልልም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በቤት ውስጥ ተገኝቷል። ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1990ዎቹ ዓመታት በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን እየጠየቁ ሲመረምሩ፣ የቤቱ ኮምፒውተር በብዙ ቤት በወንዱ ልጅ ክፍል ይቀመጥ እንደ ነበረ፣ አባትና ወንድ ልጅ አብረው ሲሠሩበት ሴት ልጅ ከኋላ ቆማ ትመለከት እንደ ነበረ አገኙ። ወንዶቹ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ ብዙ ዓመት የተለማመዱ ነበሩ፤ ልምዳቸው ግን እንደ ተፈጥሮ ስጦታ ተቈጠረላቸው። ዩኒቨርሲቲው ይህን ተረድቶ ተማሪ ሲቀበል የቀድሞ ልምድን ማስቀደሙን ተወ፤ ላልተለማመዱትም የሚስማማ መጀመሪያ ትምህርት አዘጋጀ። በ1995 ከአዲስ ገቢዎች መካከል ከመቶ 7 የነበሩት ሴቶች በ2000 ከመቶ 42 ሆኑ። በ5 ዓመት ውስጥ የሴቶች አእምሮ ተለወጠን? አልተለወጠም። የተለወጠው በሩ ነው።

አሁን የተከራካሪዎቼን ቃል ልስማ። የመጀመሪያዎቹ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ይላሉ፤ ይህ ሥራ ለሴት ተፈጥሮ አይስማማም ለማለት ነው። ተረት ግን ማስረጃ አይደለም፤ የሚናገረውን ሰው ከመድከም ያሳርፈዋል እንጂ። በ1946 በፊላዴልፊያ ከተማ ኤኒያክ የተባለው ታላቅ ኮምፒውተር ለሕዝብ ሲታይ፣ ስሌቱን የሚሠራበትን ሥርዓት ያወጡለት ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ መምሪያ መጽሐፍ ሳይኖራቸው የሽቦዎቹን ንድፍ እየመረመሩ ነው የደረሱበት። በ1952 ግሬስ ሆፐር የተባለችው ሴት የሰውን ትእዛዝ ወደ መኪናው ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም ሠርታለች። በ1962 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ስቴፋኒ ሸርሊ በ6 ፓውንድ ብቻ ኩባንያ አቋቋመች፤ ሠራተኞቿም ልጅ በመውለዳቸው ሥራ የለቀቁ ሴቶች ነበሩ። በየቤታቸው ተቀምጠው ልጆቻቸውን እያሳደጉ ፕሮግራሙን በእርሳስና በወረቀት ይጽፉ ነበር። ደብዳቤዋን በስቴፋኒ ስም ስትፈርም መልስ አላገኝ ብትል «ስቲቭ» እያለች በወንድ ስም መፈረም ጀመረች። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ሴቶች በቤታቸው ኮምፒውተር ሳይኖር ይህን ሠሩ፤ በቤቷ ኮምፒውተር እያለ ልጃችን እንዳትነካው የምንከለክላት በምን ፍርድ ነው?

ሁለተኞቹ ደግሞ ለስለስ ብለው ይመጣሉ። «ማን ከለከላት? እርሷ ራሷ አትጠይቅም፤ ፍላጎት የላትም» ይላሉ። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ መቼ ትጠይቅ? ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንድሟ መጽሐፉን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ይከፍታል፤ እርሷ መጽሐፏን አስቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። እርሱ ሁለት ሰዓት ሲሠራ እርሷ ሁለት ሰዓት ዕቃ ታጥባለች፤ እንግዳ ሲመጣም የምትነሣው እርሷ ናት። በቀን ሁለት ሰዓት በዓመት ከ700 ሰዓት በላይ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ እርሱ ወደ 3,000 ሰዓት የተለማመደ፣ እርሷ አንዲት ሰዓት እንኳ ያላገኘች ሆነው ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ «አየህ! ወንዱ ተሰጥዎ አለው» ይባላል። ሰው ቀምሶ የማያውቀውን ምግብ አይናፍቅም። ፍላጎት የሚወለደው ከመሞከር ነውና፣ ሳትሞክር ፍላጎት የላትም ማለት ዘር ሳይዘሩ መሬቱን መውቀስ ነው።

ሦስተኞቹ የእንጀራን ነገር ያነሣሉ። «ወንዱ ቤቱን ይረዳል፤ ሴቲቱ ነገ አግብታ ትሄዳለች» ይላሉ። ለእነዚህ የማውቀውን የአንድ ቤት ታሪክ ልንገራቸው። በሠፈራችን የምትኖር አንዲት ልጅ ዐሥረኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች ወደ ዐረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት አራት ዓመት ሠራች። በየወሩ ገንዘብ ትልክ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት በላከችው ገንዘብም ለታናሽ ወንድሟ ላፕቶፕ ተገዛለት። ወደ አገሯ በተመለሰች ጊዜ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ አያያዝ በኮምፒውተር ተምራ ሁለተኛ ከአገር ላለመውጣት አሰበች። ወንድሟን ማታ ማታ አንድ ሰዓት እንዲለቅላት ብትጠይቀው «ታበላሽብኛለች» አለ። እኔ በዚያ ቀን ለጥየቃ ሄጄ ነበርና አባቷን «ጋሼ፣ ዕቃው የተገዛው በእርሷ ላብ አይደለም ወይ?» አልኋቸው። «እሱስ ነው፤ ግን ምን ታደርግበታለች ልጄ? ነገ ታገባ የለም ወይ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ያገባች ሴት አትበላም? ልጆቿስ አይበሉም?» ብላቸው ዝም አሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ልጂቱ ተመልሳ ወደ ዐረብ አገር ሄደች።

አባትዮው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸውን ሲሸኙ አልቅሰዋል። የምከራከረውም ስለዚህ ነው። ልማድ ደግ ሰውን ክፉ ሥራ ያሠራዋል፤ ሠሪውም አለማወቁ የተጎዳውን አያድነውም። ቤቱን ይረዳል የተባለው ወንድሟ ገና በእርሷ ገንዘብ ይማር ነበር፤ ትሄዳለች የተባለችው እርሷ ግን ቤቱን ተሸክማ ነበር።

ደግሞም የዛሬ ሥራ እንደ አባቶቻችን ርስት ከተወለዱበት እስከሚሞቱበት የሚጸና አይደለም። እኔ ራሴ በዕድሜዬ ሦስት ጊዜ ሥራ ለውጫለሁ፤ አስተማሪ ነበርሁ፣ ቀጥሎ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆንሁ፣ በመጨረሻም በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። በማተሚያ ቤቱ የእርሳስ ፊደል ለቃሚዎች ሥራ በኮምፒውተር ሲተካ አየሁ። በመሥሪያ ቤቱ ደግሞ የጽሕፈት መኪናው ቀርቶ ኮምፒውተር በገባ ጊዜ ሁለት ታይፒስቶች ነበሩ፤ የእጃቸው ፍጥነት እኩል ነው፣ የሥራ ዘመናቸውም እኩል ነው። አንደኛዋ በቤቷ ከወንድሟ ጋር እየተፈራረቀች በኮምፒውተር ትለማመድ ስለ ነበር ወደ ሒሳብ ክፍል ተዛወረች፤ ደመወዟም ከፍ አለ። ሁለተኛዋ ግን ፋይል ከክፍል ወደ ክፍል እንድታመላልስ ተመደበች። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የእውቀት ልዩነት አልነበረም፤ በቤት ውስጥ የተገኘች የአንዲት ወንበር ልዩነት ነው። የሥራ መለዋወጥ ሲመጣ «አንቺ ሴት ነሽ» ብሎ አያልፍም፤ ተዘጋጅቶ ያላገኘውን ሁሉ ይጥላል።

የዘጋነው በር ወንዱንም እንደማይጠቅመው ልጨምር። ብቻውን ተዘግቶ የሚቀመጥ ልጅ የሚማረው የሚመስለው አባት ተታሏል። ያ የ1982 መኪና ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር፤ የዛሬው ግን ከፍቶ የሚያፈዝዝ ብዙ ነገር ይዞ ይቀርባል። የሚያየው ሰው የሌለ ልጅ ከመሥራት ይልቅ ወደ መመልከት፣ ከመመልከትም ወደ መፍዘዝ ይወርዳል። እኅቱ አጠገቡ ተቀምጣ «ይህን እንዴት ሠራኸው?» ብትለው ግን ለማስረዳት ሲል ያልገባውን ይመረምራል። ሌላውን የሚያስተምር ሁለት ጊዜ ይማራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነገሩ ብዙ ወጪ የለበትም። መጀመሪያ፣ ኮምፒውተሩ ከተዘጋው ክፍል ወጥቶ ሁሉ በሚቀመጥበት ክፍል ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ለወንዱም ለሴቲቱም እኩል ተከፍሎ በወረቀት ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ከንቱ እንዳይሆን የቤቱም ሥራ እንደዚሁ ይከፈል፤ ሽንኩርቱን ሳይካፈሉ ኮምፒውተሩን ተካፈልን ማለት ማታለል ነው። አራተኛ፣ እናትም ትቀመጥ። ቋንቋው አይገባትም የሚል ምክንያት ዛሬ አይሠራም፤ የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት ውስጥ ስለ ገባ በአማርኛ መጻፍ ትችላለች። የገንዘብ እጥረት ላለበትም ቤት አሮጌ ዕቃ ይበቃል፤ ትእዛዝ መጻፍ ለመማር ከ64 ኪሎባይት ጀምሮ ሰው ሠርቶበታልና።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን የጻፍሁት ለአባቶች ብቻ አይደለም፤ ነገ አባትና እናት የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። አንተ ወንድም የሆንህ፣ አባትህ እስኪያዝዝህ አትጠብቅ፤ ዛሬ ማታ ከወንበሩ ተነሥና እኅትህን አስቀምጣት፤ አንተም ሄደህ ዕቃውን እጠብ። ከክብርህ የሚቀነስ የለም፤ የሚቀነሰው ከሐሰተኛ ኩራትህ ነው። አንቺም እኅት የሆንሽ፣ ቢሰለቹብሽም፣ «ታበላሻለች» ቢሉሽም ጠይቂ፤ አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ ጠይቂ። ይበላሻል የተባለ ዕቃ ይጠገናል፤ በሰው ቤት ያለቀ የወጣትነት ዘመን ግን መጠገኛ የለውም።