የጽሞና ጎጆ፤ ከቤቱ በፊት ዛፉ

አንድ ወጣት ትዳር ሲይዝ «ጎጆ ወጣ» እንላለን። የገባበት ቤት ባለ ፎቅ ቢሆንም ቃሉ አይለወጥም። ይህን ያህል ክብር ያለው ስም ዛሬ የድኽነት መጠሪያ ሆኖ ስናየው ያሳዝናል። ሐዘኑ የሚበረታው ደግሞ፥ ሰው ከከተማ ጩኸት ራቅ ብሎ ከተፈጥሮ ጋር የሚገናኝበት የጽሞና ቤት ይሠራ በተባለ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ከንድፍ አውጪው ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው፥ ከወለል እስከ ጣራ መስተዋት የለበሰ፥ ቆርቆሮ የደፋ፥ በሲሚንቶ ዐምድ ላይ የቆመ ቤት ነው። እይታው እንዲከፈትም ዛፍ ይቈረጥለታል። እኛ ግን የጽሞና ቤት ንድፍ ከዛፉ ይጀምራል፤ ቤቱም የዛፉ እንግዳ ሆኖ ይገባል ብለን እንከራከራለን።

«መስተዋቱ ተፈጥሮን ወለል አድርጎ ያሳያል» ይሉናል። ማየትና መገናኘት ግን አንድ አይደሉም። መስተዋት ነፋሱን ይከለክላል፤ የርጥብ አፈሩን ሽታ ይከለክላል፤ የወፉን ድምፅ ያፍናል። ቀን የፀሐይን ብርሃን አስገብቶ ሙቀቱን ያግታል፤ ሌሊት ደግሞ ሰውን ለብርድ አሳልፎ ይሰጣል። ወፍም የሰማዩንና የዛፉን መልክ በመስተዋቱ ላይ አይቶ መንገድ እየመሰለው ይበራል፤ ተጋጭቶም ይሞታል። ሰውን ከፍጥረት ጋር ለማስታረቅ የተሠራ ቤት የፍጥረት ወጥመድ ከሆነ፥ ዕርቁ ከማን ጋር ነው?

የጣራውም ነገር እንዲሁ ነው። የነሐሴ ዝናብ በባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ፥ እንኳንስ ለማሰብ ጐን ለጐን ተቀምጦ ለመነጋገርም ያስቸግራል። በወፍራሙ የተከደነ ሣር ግን የዝናቡን ጕልበት ተቀብሎ ውሃውን በዝግታ ወደ ምድር ያወርደዋል። ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ የተመረገ ግድግዳም የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበልና በሌሊት ይመልሰዋል። ይህ በመሣሪያ ሊለካ የሚችል ጠባይ ነው፤ የናፍቆት ወሬ አይደለም።

ይህን የኋላ ቀር ሰው ክርክር ነው የሚል ቢኖር፥ ሠለጠኑ የምንላቸው ሕዝቦች ሊቃውንት ለራሳቸው ምን እንደ ሠሩ ይመልከት። ጃፓናዊው ካሞ ኖ ቾሜይ እሳት፥ ረኀብና የመሬት መናወጥ ኪዮቶን ሲያጠፏት ካየ በኋላ፥ በሂኖ ተራራ ላይ በየወገኑ 3 ሜትር ያህል የሆነች ጎጆ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1212 ስለ እርስዋ ጻፈ። ጎጆዋ ተፈታትታ በሁለት ጋሪ የምትጫን ነበረች። አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.ኤ.አ. በ1845 በዋልደን ኩሬ ዳር የሠራው ቤት ወርዱ 10፥ ርዝመቱ 15 ጫማ ነበር፤ የፈጀበትም ገንዘብ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነው። በሲሚንቶ ሕንጻዎቹ ዓለም ያወቀው ለ ኮርቡዚዬ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1952 በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳር ለራሱ ያቆመው የዕረፍት ቤት፥ ውጭው ልጡ ያልተላጠ የጥድ ግንድ የለበሰ፥ በየወገኑ 3 ሜትር ከ66 የሆነ አንድ ክፍል ነው። የፊት ለፊቱን ባሕር የሚያየው በትናንሽ መስኮቶች ነበር። ታላላቆቹ ወደ ጎጆ ሲመለሱ እኛ ከጎጆ የምንሸሸው ወዴት ነው?

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» እንደሚባለው፥ የዚህ ጥበብ ትምህርት ቤት በደጃችን ነበር። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ያቆማት ጎጆ ከመኝታና ከመቀመጫ የተረፈ ቦታ የላትም። ስለዚህ ቅኔ ለመቍጠር ደበሎውን ደርቦ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ከወይራው ወይም ከዋንዛው ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቃልን ከቃል ያጋጥማል። የጎጆዋ መጥበብ ጕድለት መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን ተማሪውን ወደ ዛፉ የምትልከው እርስዋ ናት። የመነኵሴው በዓት፥ በወሎም ሼኾች የሚገቡበት ኸልዋ፥ በዚሁ መንገድ ትንሽነትን ለሐሳብ ስፋት መሣሪያ አድርገውታል።

ይሁን እንጂ ዛፉ ባይኖር ጎጆዋ ምን ትሆን ነበር? ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደኖች ሲመረምሩ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል። በዙሪያቸው ያለው አገር ታርሶ ሲራቈት እነዚህ የቀሩት፥ ሰው ጸጥታቸውን ስላከበረ ነው። ዛሬ ግን ከብት ችግኙን ይግጣል፤ ማረሻም ዳር ዳሩን ይገፋል። ከእርሻ በተለቀመ ድንጋይ ካብ ማጠር ደኑንም እርሻውንም እንደሚጠቅም በተግባር ታይቷል። እንግዲህ የጽሞና ቤት ሠሪ የመጀመሪያ ሥራው ይህ ካብ ሊሆን ይገባል።

«ሕዝብ እንጀራ ሲፈልግ ስለ ጽሞና ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉም አሉ። ቅንጦት የሚሆነውስ መስተዋቱ ነው! ጭቃና ሣር የቅንጦት ዕቃ ሆነው አያውቁም። «ሣር ይቃጠላል፤ ይበሰብሳል» ለሚሉት ደግሞ፥ ምድጃ በሌለበት የጽሞና ጎጆ የእሳቱ ፍርሃት ይቀንሳል፤ በየጥቂት ዓመቱ መታደሱም እውነት ነው፥ ግን ለከዳኙ እንጀራ ነው። የክዳን ሣር በጠፋበት አገር ቆርቆሮ ግድ ቢሆን፥ ከሥሩ ወፍራም የቀርከሃ ምንጣፍ ይዘርጋበት፤ ጩኸቱ ይበርዳል።

ስለዚህ ልመናችን አጭር ነው። ፈቃድ ሰጪው ሹም የቤቱን ንድፍ ከማየቱ በፊት በቦታው ያለውን ዛፍ ዝርዝር ይጠይቅ፤ አንድ ዛፍ የሚያስቈርጠውን ንድፍ ይመልስ። የሕንጻ ጥበብ መምህር ተማሪዎቹን ወደ ቅኔ ቤትና ወደ ገዳም ልኮ፥ ጎጆዎቹ ሳይጠፉ ያስለካቸው፤ ያስነድፋቸው። ንድፍ አውጪውም ወርዱን ከአራት እርምጃ አያስበልጥ፤ መስኮቱን በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ አሳንሶ ይክፈት፤ ምሰሶውንና ማገሩን በምኒልክ ዘመን ከውጭ ከመጣው ባሕር ዛፍ አድርጎ ጽዱንና ወይራውን ይማራቸው። የትምህርት ቤት አለቃም በግቢው ጥግ አንዲት እንዲህ ያለች ጎጆ ቢያቆም፥ ልጆቹ ዝም ብሎ ማሰብ ራሱ ሥራ መሆኑን ይማሩባታል።

አንተም ተማሪ ሆይ፥ የዚህች ጎጆ ሹምም ገንዘብም የማይጠይቀው ክፍል የአንተ ነው። ጎጆዋ በአንድ በጋ ትቆማለች፤ ጥላዋ ግን ዓመታት ይፈልጋል። እንግዲያስ ችግኙን ዘንድሮ ትከል።