«ቦታሽ ይጠብቅሻል» የሚለው ቃል በወረቀት ይስፈር

እንደሚታወቀው ከዚህ ተቋም ተመርቀን ስንወጣ ሁላችንም በመንግሥት ትምህርት ቤት አንመደብም። ከፊሎቻችን አምስትና ስድስት መምህራን ብቻ ባሉባቸው የግል መዋዕለ ሕፃናትና አነስተኛ ትምህርት ቤቶች እንቀጠራለን። በእንዲህ ያሉ ቤቶች የሠራተኛ አስተዳደር የሚባል ክፍል የለም፤ የሠራተኛ ማኅበርም የለም፤ የተጻፈ ደንብም ብዙውን ጊዜ የለም። ቀጣሪውም፣ ሒሳብ ያዡም፣ ተቆጣጣሪውም የትምህርት ቤቱ ባለቤት ነው። ታዲያ እዚያ የምታስተምር መምህርት ስታረግዝ ምን ይሆናል? ዛሬ በዚህ ግድግዳ ላይ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ታላቅ እህቴ በአንድ አነስተኛ መዋዕለ ሕፃናት ሦስት ዓመት አስተምራለች። የጽሑፍ ውል አልነበራትም። ማርገዟን ለአሠሪዋ ስትነግራቸው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ እኮ የቤት ሰው ነሽ፤ በሰላም ውለጂ እንጂ ቦታሽ ይጠብቅሻል» አሏት። ስንት ቀን? ደመወዝስ? አልተነጋገሩም። እህቴም አፍራ አልጠየቀችም። ሴት ልጅ ወለደች። አሠሪዋ አራስ ሊጠይቁ መጡ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው፣ ገንፎ ቀምሰው፣ ለሕፃኗ ልብስ ሰጥተው ሄዱ። ደመወዙ ግን ከዚያው ወር ጀምሮ ቆመ። የሕፃኗ የ80 ቀን ክርስትና ሳይደርስ በቦታዋ ሌላ መምህርት መቀጠሯን ከጎረቤት ልጅ አፍ ሰማን። እህቴ ሄዳ ብትጠይቅ፣ «ሕፃናቱ እኮ ያለ አስተማሪ መቀመጥ አልቻሉም፤ ምን ላድርግ ልጄ?» ተባለች።

እኔ አሠሪዋ ክፉ ሰው ናቸው አልልም። ክፉ ቢሆኑማ አራስ ባልጠየቁ ነበር። ጥፋቱ መብት የሆነውን ነገር በቸርነት ላይ አንጠልጥሎ መተው ነው። ቸርነት ደግሞ ገንዘብ ሲያጥር አብሮ ያጥራል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው፣ «ኧረ ተይ፣ የወሊድ ፈቃድ ለፋብሪካና ለመሥሪያ ቤት ነው» ይሉኛል። አይደለም! በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ክፍያ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅድላታል። ቀድሞ በነበረው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነበር። በማርገዟ ምክንያት ከሥራ ማሰናበትም ክልክል ነው። ለአባትም 3 ቀን ተፈቅዶለታል። አዋጁ «አምስት ሠራተኛ ያለው ቤት ይህን አይመለከተውም» የሚል ቃል የለበትም።

«ውል አልፈረምኩም» ማለትም ሰበብ አይሆንም። በዚሁ አዋጅ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። እህቴ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው። እኛ ግን ሳንቀጠር ልናውቀው እንችላለን።

ይህን ካልኩ በኋላ የአሠሪውንም ችግር መሸፋፈን አይገባም። በመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ስትወልድ ደመወዟ ከርእሰ መምህሩ ኪስ አይወጣም። በትንሽ የግል ትምህርት ቤት ግን የወለደችውም የተተካችውም ደመወዝ የሚወጣው ከአንድ ቦርሳ፣ ከወላጆች ወርኃዊ ክፍያ ነው። አምስት መምህራን ካሉት ቤት አንዷ ስትቀር አንድ ክፍል ባዶ ይሆናል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እርግዝና እንደ ድንገተኛ ጎርፍ የሚመጣ ነገር አይደለም። ወራት ቀድሞ ይታወቃል። ወራት ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ደግሞ እቅድ ይወጣለታል። እኛን በየቀኑ የትምህርት እቅድ አዘጋጁ እያሉ የሚያስተምሩን ለዚሁ አይደለም እንዴ?

በእኔ አስተያየት አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ወፍራም የደንብ መጽሐፍ ሳይሆን ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ነው። ፈቃዱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ደመወዙ በየወሩ እንዴት እንደሚደርሳት፣ ክፍሉን ማን እንደሚይዝላት፣ ስትመለስም በዚያው ቦታና በዚያው ደመወዝ መሆኑን፣ ለማጥባትም ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድላት ይጻፍበት። ሁለቱም ይፈርሙ። ጽሑፉ መዘጋጀት ያለበትም ማንም ሳታረግዝ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም አያፍርም፣ ማንም አይጨነቅም።

ዋናው ቁልፍ ግን ተተኪዋ ናት። አዋጁ በፈቃድ ምክንያት ለጊዜው በቀረ ሠራተኛ ምትክ ሌላ ሰው ለተወሰነ ጊዜ መቅጠርን ይፈቅዳል። የእህቴ አሠሪ ተተኪዋን «እስከዚህ ቀን ድረስ» ብለው በጽሑፍ ቀጥረው ቢሆን ኖሮ ሕፃናቱም ያለ አስተማሪ አይቀመጡም፣ እህቴም ሥራዋን አታጣም፣ ተተኪዋም ዕድሜውን የምታውቀው ሥራ ታገኛለች። በጡረታ ያሉ መምህራንም ለሦስትና አራት ወር ቢጠየቁ እሺ የሚሉ አይጠፉም።

የደመወዙስ ነገር? እዚህ ላይ መንግሥትም የሚያስብበት ነገር አለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1992 ዓ.ም. ባጸደቀው የእናቶች ጥበቃ ስምምነት ወጪው በማኅበራዊ መድን ወይም በመንግሥት ገንዘብ እንዲሸፈን እንጂ በአንድ አሠሪ ትከሻ ብቻ እንዳይወድቅ ያሳስባል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አሠሪውና ሠራተኛው እያንዳንዳቸው የደመወዙን 0.3 በመቶ የሚያዋጡበት የወሊድ መድን አቋቁማለች። ደመወዟ 4,000 ብር ለሆነች መምህርት ይህ በወር 12 ብር ማለት ነው። ሁሉም፣ ወንዱም ጭምር፣ ጥቂት ጥቂት ሲያዋጣ የአንዷ መውለድ ለአንድ ቤት ዕዳ አይሆንም። እኛ እድርና እቁብ የምናውቅ ሰዎች ይህ ሐሳብ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

እንግዲህ ውድ እጩ መምህራን፣ ለሥራ ስንቀርብ ስለ ደመወዙ እንደምንጠይቅ ሁሉ ስለ ወሊድ ፈቃዱም እንጠይቅ። የ15 ቀኗን ወረቀት እንጠይቅ። ወንዶች ወንድሞቻችንም «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ነገ አባት ትሆናላችሁ፣ ከእናንተም ውስጥ ትምህርት ቤት የሚከፍት አይጠፋም። የተከበራችሁ መምህሮቻችንም ከመመረቃችን በፊት ይህን አዋጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ብታስተምሩን ትልቅ ውለታ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እህቴ የተሰጣት ቃል ነበር። እኛ ወረቀቱን እንያዝ።

ከአንዲት እጩ መምህርት