የኬሚስትሪው መምህር ይታይ!

ቀዳማይ ወያነ ገበያ አጠገብ ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። «ምን ልይ?» ላለኝ ወዳጄ «ብሬኪንግ ባድን» አልኩት። አፌን ሳልዘጋ ከጎኑ ያለው ጣልቃ ገባ፦ «ያ ዕፅ ማብሰል የሚያስተምረውን? ወጣቱን ልታበላሹት ነው?»

እስቲ እንነጋገር።

ዋልተር ዋይት የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ደመወዙ ስለማይበቃው ከክፍል መልስ መኪና ያጥባል፤ አንድ ቀን የሚወለውለው ጎማ የገዛ ተማሪው መኪና ጎማ ሆኖ ተገኘ። የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ሲያውቅ ከቀድሞ ተማሪው ጋር ዕፅ ማብሰል ጀመረ። ድራማው እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 የታየ፣ 62 ክፍል ያለው ነው።

ጨለማ ነው፤ ግን ያስቃል። ሬሳ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በአሲድ እንዲያሟሟ የታዘዘው ልጅ በመታጠቢያ ገንዳ ይሞክረዋል። አሲዱ ገንዳውንም ወለሉንም በልቶ ሁሉም ነገር ከፎቅ ወደ ታች ይዘረገፋል። ትስቃላችሁ፤ ወዲያው ደግሞ በመሳቃችሁ ታፍራላችሁ። ያቺ እፍረት ከመቶ የምክር ድራማ ትበልጣለች።

«ችግር ገፍቶት ነው» የምትሉም ተሳስታችኋል። ሀብታም የቀድሞ ባልደረቦቹ ሕክምናህን እንክፈል ሲሉት እምቢ ያለው እሱ ነው። ኩራት! ከዚያ በኋላ ግን መፈክሩ «ለቤተሰቤ ብዬ ነው» ሆነ። ይህችን ቃል የት ነው የምናውቃት? ከጉቦኛው አይደለም? ከመሬት ደላላው አይደለም?

እኛ ደግሞ ከሌላው ተመልካች የበለጠ ማስረጃ አለን። የትግራይ መምህራን በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ቆይተዋል። ያገኙትን እየሠሩ፣ ዕቃቸውን እየሸጡ ቀኑን ገፉት እንጂ ለተማሪዎቻቸው መርዝ አላበሰሉም። ዋልተርን እነሱን እያሰባችሁ እዩት፤ ሰበቡ ሁሉ ይረግፋል።

ክፉ ሰው ማየት የሚያበላሽ ቢሆን ኖሮ «ሰው ለሰው»ን ያየ ሁሉ አስናቀን በሆነ ነበር። አበበ ባልቻ የተጫወተውን ያን ሰው ግን አገር በሙሉ እየረገመ ነው ያየው። ተመልካች ጅል አይደለም።

ሕፃናት ካሉ አስተኟቸው፤ ድራማው የአዋቂ ነው። እናንተ ግን እዩት። ስትጨርሱም «ለቤተሰቤ ብዬ ነው» ያላችሁበትን ቀን አስታውሱ።